የጋን መብራት፦ ዓይን አፋር ልጆችን በኢንተርኔት ስለማጥናት

ችሎታው በውስጡ ኖሮ ለሰው ያልታየለትን ሰው በአማርኛ «የጋን መብራት» እንለዋለን። መብራቱ አልጠፋም፤ ጋኑ ሸፍኖታል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጋዲ ቤን ኤዜር በ1992 በኢየሩሳሌም ላሳተመው፣ ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ አመጣጥና ክሊታ ለሚናገረው የዕብራይስጥ መጽሐፉ ርእስ ያደረገው ይህንኑ አባባል ነው። ለእኛ ደግሞ አባባሉ ሌላ ጣዕም አለው፤ ልጆቻችን ጠዋት ጠዋት የሚሄዱበት መዋዕለ ሕፃናት በዕብራይስጥ ስሙ ጋን ነውና።

በፒስጋት ዘኤቭ ካሉት ጋኖች በአንዱ ጋኔኔቷ እናትን ጠርታ «ልጁ አይናገርም» ስትላት፣ እናትየዋ በልቧ የምታስበው ሌላ ልጅ ነው። ማታ ማታ ከአያቱ ጋር የሚከራከረውን፣ ታናሽ እህቱን ዘፈን የሚያስተምራትን፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ላለው ሰውዬ ሳይቀር መልስ የሚሰጠውን ልጅ ታስባለች። ጋኔኔቷም እናትየዋም የሚናገሩት ያዩትን ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አቮዳ ሶጽያሊት፣ ማለትም የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት የምንማር ተማሪዎች ነን። አብዛኞቻችን ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የመጀመሪያዎቹ ነን። ዘንድሮ በሴሚናር የያዝነው ርእስ የልጆች ዓይን አፋርነት፣ በተለይም በኢንተርኔት አማካይነት እንዴት እንደሚጠና ነው። ርእሱን የመረጥንበት ምክንያት አለ። «አይናገርም» የምትለው ቃል ቀላል ትምሰል እንጂ ሩቅ ትጓዛለች። ከጋኔኔቷ ማስታወሻ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ ከዚያም አንዳንድ ጊዜ የልጁን የልዩ ትምህርት መብት ወደሚወስነው ኮሚቴ፣ ወደ ቫዓዳት ዝካኡት ቬኢፍዩን ትደርሳለች። እዚያ የደረሰ ዝምታ ዝምታ መባሉ ይቀርና «የቋንቋ ችግር» ወይም «የዕድገት መዘግየት» የሚል ስም ሊወጣለት ይችላል። ስለዚህ ዝምታው በምን ተለካ ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ዓይን አፋርነት ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። አንዱ ክፍል ከተፈጥሮ ጠባይ ይመጣል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ጀሮም ኬጋን የ4 ወር ሕፃናትን አዲስ መጫወቻ፣ የማያውቁትን ድምፅና ሽታ እያቀረበላቸው ሲያጠና፣ ከ100ው 20 ያህሉ እግራቸውን እያራገቡ ሲያለቅሱ አገኘ። ከእነዚህ ሕፃናት በርከት ያሉት ሁለተኛ ዓመታቸው ላይ እንግዳ ሰው ሲያዩ ከእናታቸው ጉያ የሚሸሸጉ ሆኑ። ሁሉም ግን እንዲህ አልሆኑም፤ ብዙዎቹንም እያደጉ ሲሄዱ ፍርሃቱ ለቀቃቸው። ሌላው ጠቃሚ ልዩነት በ1981 ጆናታን ቺክና አርኖልድ ባስ ያሳዩት ነው። ሰው የማይፈልግ ሰው አለ፤ ሰው እየፈለገ የሚፈራም አለ። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ዓይን አፋር የሚባለው ግን ሁለተኛው ነው፤ መጫወት አምሮት እግሩ አልታዘዝ ያለው ልጅ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለ። እሱም አክብሮ ዝም የሚለው ነው።

ቺክና ባስ ለአዋቂዎች ያዘጋጁት መለኪያ 9 ጥያቄዎች ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ የሰውን ዓይን ትክ ብሎ ማየት ይከብድ እንደሆነ፣ ሌላው ሥልጣን ካለው ሰው ጋር ሲነጋገሩ መደናገጥ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃሉ። በጎንደርም ሆነ በትግራይ ያደጉ አያቶቻችን እነዚህን ሁለቱን ቢሰሙ «ታዲያ እንዴት ሊሆን ኖሯል?» ነው የሚሉት። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚጥል፣ ሳይጠየቅ የማይመልስ፣ ቄስ ሲገቡ ከመቀመጫው የሚነሣ ልጅ እዚያ የደንቡን አደረገ ይባላል። እዚህ መጠይቅ ላይ ግን ከ9ኙ ጥያቄዎች በ2ቱ ነጥብ ይቆጠርበታል።

ችግሩ ጎልቶ የወጣልን መጠይቅ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ የመተርጎም ልምምድ ስናደርግ ነው። የምንከተለው ዘዴ ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 ያስተዋወቀው መልሶ የመተርጎም ዘዴ ነው፤ አንዱ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ሁለቱ ይመሳከራሉ። ቃሉ ባይሻን ነበር። አንዳችን «ዓይን አፋር» አልን፣ ሌላው «ዝምተኛ»፣ ሦስተኛዋ «አንገቱን የደፋ»። የአንዷ እናት ደግሞ ከኩሽና ሆነው «እኛ እንዲህ ያለውን ልጅ ጨዋ ነው የምንለው» አሉን። ጨዋን ለመላሹ ተርጓሚ ስንሰጠው «ሜኑማስ» ብሎ ጻፈልን። ባይሻን ሆኖ የሄደ ልጅ ሜኑማስ ሆኖ ተመለሰ!

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን አንዲት እናት በስልኳ በደረሳት መጠይቅ ላይ «ልጅዎ እንግዳ ሰው ፊት ያፍራል?» የሚል ስታነብ «አዎ፣ በጣም» የሚለውን ደስ ብሏት ልትነካ ትችላለች። እሷ ልጇን እያመሰገነች ነው፤ መጠይቁ የችግር ነጥብ እየደመረበት ነው። በተቃራኒው «ልጅዎ እንዴት ነው?» ለሚል ጥያቄ የእናቶቻችን መልስ ልጁ በምንም ሁኔታ ላይ ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ለዚህ መልስ ከ1 እስከ 5 ባለው መስመር ላይ ቦታ አልተዘጋጀለትም።

አንድ ጠባይ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን የተለየ ዋጋ እንደሚሰጠው የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ከቻይና አለ። ሺንዪን ቼንና ባልደረቦቹ በሻንጋይ የትምህርት ቤት ልጆችን በ1990፣ በ1998ና በ2002 አጥንተው ውጤቱን በ2005 አሳተሙ። በ1990 ዓይን አፋር የሆኑት ልጆች በጓደኞቻቸው የሚወደዱ፣ በትምህርታቸውም ደኅና ነበሩ። በ2002 ግን እንዲህ ያሉ ልጆች በክፍል ጓደኞቻቸው የሚገፉ፣ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያዝኑ ሆነው ተገኙ። ከተማዋ በ12 ዓመት ውስጥ ወደ ገበያ ኢኮኖሚ ስትሮጥ ልጆች ላይ የሚጠበቀውም ነገር ተለወጠ። ሻንጋይ ይህን ለማየት 12 ዓመት ፈጅቶባታል። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ተመሳሳዩን መንገድ ያለፉት ከአንድ ቀን ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው።

የደረሱበት አገር ደግሞ ለዝምታ ብዙ ትዕግሥት የለውም። የስታንፎርዱ ፊሊፕ ዚምባርዶ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተለያዩ አገሮች ሰዎች ራሳቸውን ዓይን አፋር ይሉ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ «አዎ» ያሉት በጃፓንና በታይዋን ብዙ፣ በእስራኤል ጥቂት ነበሩ። ምክንያቱን ሲያስረዳ በልጅ አስተዳደግ ጀመረ፤ በእስራኤል ልጅ ቢሳካለትም ባይሳካለትም ስለ ሞከረ ይመሰገናል፣ በጃፓን ግን ሲሳካለት ምስጋናው ለወላጅና ለመምህር፣ ሲወድቅ ጥፋቱ ለራሱ ነው ይላል። ታማር ካትሪኤል በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ ያጠናችው የዱግሪ አነጋገርም እዚህ ላይ ይጨመራል። ፊት ለፊት ያልተናገረ ሰው እዚህ እንደ ደካማ ይታያል፤ አንዳንዴም እንደ አስመሳይ።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። «ባህላችን ዝምታ ነው» ብለን ነገሩን መዝጋት አንፈልግም። አዎ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የምንለውም እኛው ነን። በባህል ስም የተሸፈነ እውነተኛ ፍርሃት ያለበት ልጅ በመካከላችን አለ፤ እርዳታ ያስፈልገዋል። ሥራው ሁለቱን መለየት ነው፤ ለመለየት ደግሞ ልጁን ከአንድ ቦታ በላይ ማየት ግድ ነው።

ቶማስ አከንባክና ባልደረቦቹ በ1987 119 ጥናቶችን ሰብስበው ስለ አንድ ልጅ ጠባይ የተለያዩ ሰዎች ምን ያህል እንደሚስማሙ አሰሉ። ሁለቱ ወላጆች መካከል ያለው ስምምነት በአማካይ 0.60 ያህል ሲሆን፣ እንደ ወላጅና መምህር ባሉ ልጁን በተለያየ ቦታ በሚያዩ ሰዎች መካከል ግን 0.28 ብቻ ሆነ። ሙሉ ስምምነት 1 ነው። ብዙዎች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ታዲያ ማን ተሳሳተ?» ብለው ነው። አከንባክ ግን ልጅ እንደ ቦታው ይለዋወጣል፣ ስለዚህ የአንዱ ምስክርነት የሌላውን አይተካም አለ። ይህ የተባለው ወላጅና መምህር ቋንቋቸው አንድ በሆነበት ቤት ጭምር ነው።

እንግዲህ ወደ ኢንተርኔቱ እንምጣ። ልጆችን ከቤታቸው ሳይወጡ ማጥናት የተስፋፋው በኮሮና ጊዜ፣ በ2020 ትምህርት ቤቶችና ቤተ ሙከራዎች ሲዘጉ ነው፤ የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነበር። በአሜሪካ ኤምአይቲ የላውራ ሹልትዝ ቡድን ያዘጋጀው ሉክኢት የሚባል መድረክ በ2017 ለተመራማሪዎች ተዋውቋል። ወላጅ በቤቱ ኮምፒዩተር ካሜራ ፊት ከልጁ ጋር ይቀመጣል፣ ፈቃዱን በቃሉ ተናግሮ ይቀረጻል፣ ልጁ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሲመለከት ካሜራው ዓይኑንና ፊቱን ይይዛል። ሲያበቃ ቪዲዮው ማን ዘንድ ሊታይ እንደሚችል ወላጁ ይመርጣል፤ ከፈለገም ይሰርዘዋል። ከዚህ ሌላ በዙም የሚደረግ ጨዋታና ቃለ መጠይቅ፣ በዋትሳፕ የሚላክ መጠይቅም አለ።

ዓይን አፋርነትን በዚህ መንገድ ለመለካት ስናስብ አንድ መሠረታዊ እንቅፋት ያጋጥመናል። ኬጋንና ባልደረቦቹ ትንንሽ ልጆችን ወደ ቤተ ሙከራ ያስመጡ የነበረው ቦታው እንግዳ፣ ሴትዮዋ እንግዳ፣ መጫወቻው እንግዳ እንዲሆንባቸው ነው። ዓይን አፋርነት የሚታየው እንግዳ ሲኖር ነዋ! በቤቱ ምንጣፍ ላይ፣ እናቱ አጠገብ፣ የአያቱ ቡና እየተቆላ ያለ ልጅ ምኑን ያፍራል? በስክሪን የምትታየው ሴትዮም ብዙ አታስፈራውም፤ ከስልክ ጋር ያደገ ልጅ ጣቱን ቢጭን እንደምትጠፋ ያውቃል። ስለዚህ በኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ያየነውን ልጅ «ዓይን አፋር አይደለም» ብንል የማይታመን ውጤት ነው።

የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፤ የቤት ቪዲዮ ዓይን አፋርነትን ለመለካት ደካማ መሣሪያ ነው፤ ዓይን አፋርነቱ የሸፈነውን ለማየት ግን ከእሱ የተሻለ አላገኘንም። አንድ ልጅ በጋን ያለው ዝምታና በቤት ያለው ንግግር ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ራሱ መረጃ ነው። በሁለቱም ቦታ ዝም የሚል ልጅ አንድ ነገር ይነግረናል። በቤት ተራኪ ሆኖ በጋን ዝም የሚል ልጅ የሚነግረን ፍጹም ሌላ ነው።

ለዚህ የሚሆን ጥናት ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ተደርጓል። ዮኤል ኤሊጹርና ሩት ፔሬድኒክ በ2003 ባሳተሙት ጥናት በምዕራብ ኢየሩሳሌም የመንግሥት ጋኖች ውስጥ ኢልሙት ሴሌክቲቪት ያለባቸውን ልጆች ፈለጉ። ይህ ልጁ በቤቱ በደንብ እየተናገረ በጋን ወይም በትምህርት ቤት ለወራት አንደበቱ የሚታሰርበት የጭንቀት ዓይነት ነው። ከጠቅላላው ልጆች 0.76 በመቶ፣ ከዖሊም ቤተሰብ ልጆች ግን 2.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ዖሊም ሲባል የእኛ ማኅበረሰብ ብቻ ማለት አይደለም። ቁጥሩም ሲታይ ከ100 የዖሊም ልጆች 98ቱ ገደማ ይህ የለባቸውም ማለት ነው፤ ዝም ያለን ሁሉ በዚህ ስም መጥራት ስሕተት ይሆናል። ግን ሁለት ቋንቋ ባለበት ቤት ጉዳዩ በረከት ብሎ እንደሚታይ ያስተምረናል። ባለሙያዎች ይህን ለመለየት ወላጆችን ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ልጁ ቤት ውስጥ ሲናገር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ነው።

ከዚህም ሌላ ምንም ሕመም የሌለበት ዝምታ አለ። አዲስ ቋንቋ የሚሰማ ትንሽ ልጅ እስኪለምደው ድረስ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሰምቶ ዝም ሊል ይችላል። ከፒስጋት ዘኤቭ በባቡር ቃሊቷ ተሳፍሮ ዳቪድካ ጣቢያ የወረደ ሰው በእግሩ ጥቂት ሄዶ የሐበሻ መንገድን ያገኛል። በዚያ መንገድ ላይ፣ ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ኤሊዔዜር ቤን ዬሁዳ የኖረበት ቤት አለ። በ1882 የተወለደውን ልጁን ኢታማርን በዕብራይስጥ ብቻ ለማሳደግ ብሎ ሌላ ቋንቋ ከሚናገሩ ልጆች አርቆት ነበር። ልጁም እንደሚተረከው ከሦስት ዓመት በላይ እስኪሆነው አንደበቱ አልፈታም፤ ሰው ሁሉ አባቱን ይወቅስ ነበር። በኋላ ኢታማር ቤን አቪ ተብሎ ጋዜጠኛና ተናጋሪ ሆነ። የዘመናዊ ዕብራይስጥ የመጀመሪያው ልጅ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ለየትኛው ኮሚቴ ይቀርብ ነበር እያልን መሳቃችን አልቀረም።

አጠያየቁ ሲለወጥ ልጁ የሚሰጠው መልስም እንደሚለወጥ በእኛው ልጆች ላይ የታየ ነው። ዳቪድ ጹሪኤልና ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት አዲስ የመጡ ኢትዮጵያውያን የአንደኛ ክፍል ልጆች በመጀመሪያው ፈተና እዚህ ከተወለዱት በታች ሆኑ። ፈታኙ አብሯቸው ተቀምጦ አሠራሩን ካሳያቸውና ካለማመዳቸው በኋላ ግን ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። ፈተናውን ባንድ ጊዜ ጨርሰው ውጤት ጽፈው ቢነሡ ኖሮ ይህን አያዩም ነበር።

ታዲያ የእኛን ቤተሰቦች በኢንተርኔት ማጥናት ከፈለግን መጠይቁን በአማርኛ ጽፎ ሊንክ መላክ አይበቃም። ከታላላቆቻችን ብዙዎቹ በዕብራይስጥም በአማርኛም አያነቡም፤ የትግርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችም አሉን። እዚህ የተወለዱ ወጣት ወላጆች ደግሞ ዕብራይስጡን ይመርጣሉ። ለማያነብ ወላጅ የተላከ መጠይቅ ማን እጅ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ የ12 ዓመት ልጅ እጅ። ስለ ታናሽ ወንድሙ ዓይን አፋርነት በእናቱ ስም ይሞላዋል፣ ተመራማሪውም «የወላጅ ምላሽ» ብሎ ይመዘግባል። ከኢንተርኔት ማዶ ያለ ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

መፍትሔው በየኪሳችን ያለ ይመስለናል። አያቶቻችን የማይጽፉበትን ዋትሳፕ በድምፅ መልእክት ከኛ በላይ ይጠቀሙበታል። ጥያቄው በሚያውቁት ቋንቋና በሚያከብር አነጋገር፣ «እርስዎ» ተብሎ በድምፅ ቢላክ፣ መልሱም በድምፅ ቢመጣ፣ «አዎ» ያለችው እናት ልጇን እያመሰገነች ይሁን እየተጨነቀች ከድምፅዋ ይሰማል። ለትርጉሙ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ቢቻል አንዱ ሜጋሼር ሆኖ የሠራ ቢሆን። አድካሚ ነው፤ መቶ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት አይደርስም።

ፈቃድን በተመለከተ ጥቂት እንበል፤ ማኅበረሰባችን ብዙ የተጠና፣ ውጤቱን ግን እምብዛም ያልሰማ ነው። ማንኛውም የተማሪ ጥናት የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል። በጋን ወይም በትምህርት ቤት በኩል የሚደረግ ከሆነ የትምህርት ሚኒስቴር የዋና ሳይንቲስት ቢሮ ፈቃድም ይጨመራል። ወረቀት ላይ ያልፈረመ ወላጅ በቃሉ ሊፈቅድ ይችላል፤ ነገር ግን «እሺ» ማለታቸው ይሉኝታ ሊሆን ስለሚችል ከቀናት በኋላ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የልጅ ቪዲዮ በዋትሳፕ ቡድን ውስጥ አይላክም፣ በተማሪው የግል ስልክ ላይም አይቀመጥም። ሌላም አለ፤ በ1989 በወንጀል ሕጉ ላይ በተጨመረው ድንጋጌ መሠረት ልጅ ላይ ጉዳት እየደረሰ መሆኑን የተረዳ ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያም በተለይ። ካሜራ ወደ ሰው ቤት የሚያስገባ ሰው ይህን ካሜራው ሳይከፈት በፊት መንገር አለበት።

ወላጆችም ጥናት እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም። ስለ ልጃችሁ ዝምታ ከጋኔኔቷ ጋር ስትነጋገሩ ወይም ኮሚቴ ፊት ስትቀርቡ የመሰማት መብት አላችሁ። ሁለት ደቂቃ የሚሆን የቤት ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጁ ለአያቱ ተረት ሲናገር፣ ከወንድሙ ጋር ሲጣላ፣ በአማርኛም ይሁን በዕብራይስጥ። ቋንቋው ካልገባቸው ተርጉሙላቸው። ቪዲዮውን አሳይታችሁ ስልካችሁን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ እንጂ አትላኩላቸው።

እኛ ለሴሚናሩ የምናዘጋጀው መጠይቅ «ልጅዎ ያፍራል?» ብሎ አይጀምርም። የመጀመሪያው የድምፅ ጥያቄ «ልጅዎ ብዙ የሚያወራው ከማን ጋር ነው? ስለ ምን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዝም ሲል ምን ይመስልዎታል፤ ፈርቶ ነው፣ አክብሮ ነው፣ ወይስ ቋንቋው ገና ነው?» ይላል። ለጋኔኔቷም ተመሳሳዮቹ ሁለት ጥያቄዎች በዕብራይስጥ ይቀርቡላታል። ሁለቱ መልሶች ሲመጡ በመጀመሪያ የሚሰማቸው ቤተሰቡ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወላጆቹ ከፈቀዱ ጋኔኔቷ ትሰማቸዋለች።